ለምርመራ የተወቀጠ ኮሶ

ወንድሜን ከጦር አካዳሚ ያስቀረው ሐሺሽ ነው የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላው ግማሽ ኮሶ ነው። ኮሶውን የወቀጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እየሳቅኩ ነበር የማወራው። አሁን ደክሞኛል፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ያኔ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ እሱ አሥራ ሁለተኛን ሊጨርስ ነው። ቤታችን ተክለ ሃይማኖት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ነው። አባቴ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል። ወንድሜ የበኩር ልጅ፣ ያውም ወንድ፣ ያውም ቁመናው ያማረ፤ ስለዚህ በቤታችን ሥጋው ለእሱ፣ መረቁ ለእኔ ነበር። ቅር ብሎኝ አያውቅም ብል ውሸት ነው። ቢሆንም ሒሳብ ያስጠናኝ እሱ ነው፤ ከሰፈር ዱርዬ ያስጣለኝም እሱ ነው።

ጓደኛው አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤት ነበር። ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። አባቱ ለሸማኔዎች ክር የሚያከፋፍሉ፣ ሶላት የማያልፋቸው፣ እንኳን ጫት ሲጋራም ደጃቸውን የማያልፍ ሰው ናቸው። ሁለቱ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት፤ መኮንን የመሆን ሐሳቡም የጋራቸው ነበር። አካዳሚው በነፃ ያስተምራል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፤ ሲጨርሱ ትከሻ ላይ ኮከብ ይለጠፋል። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከስንት አንድ ነው። ለቀረው ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የሚያስወጣ ሌላ በር በእኛ ሰፈር አልነበረም።

ጫቱ የተጀመረው ለጥናት ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ የእነሱ ግን እውነት ነበር። ከአትክልት ተራ ጀርባ የጓደኛው አጎት የከረጢት መጋዘን ነበረው። ከምሳ በኋላ እዚያ ገብተው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ከረጢት አንጥፈው፣ መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን የቤት ቁልፍ ልቀበለው ብሄድ ወንድሜ ቀንበጥ ቀንበጡን መርጦ ሰጠኝ።

«ቁጭ በይና ሞክሪው። ምርቃና ላይ አልጀብራ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው።»

ሞከርኩ። መረረኝ፣ ልቤ ድው ድው አለ፣ አልጀብራውም አልወረደም። ተውኩት። እነሱ አልተዉትም። ጫቱ እንቅልፍ ነሳቸው፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ሲፈልጉ አንድ የካሚዮን ሹፌር ሐሺሽ በሲጋራ ጠቅልሎ አቀመሳቸው። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ስሄድ መጽሐፉን ተዘግቶ ነው የማገኘው። በማያስቅ ነገር ይስቃሉ። አንዴ የእኔን ጫማ እያዩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጫማዬ ምንም አልሆነም ነበር።

እንዲያም ሆኖ የጽሑፉን ፈተና ሁለቱም አለፉ። አባቴ ወሬውን በሸማ ተራ ላልሰማ አሰማ። የሱቅ ጎረቤቶቹ ይቀልዱበት ጀመር።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጋቢ ልንገዛ ስንመጣ ቀጥ ብለን ሰላምታ ሰጥተን ነው?»

«ሰላምታውስ ይቅር፤ ዋጋ ብቻ አትከራከሩኝ» ይላል አባቴ፣ ጥርሱን መሸፈን አቅቶት። ከመደርደሪያው ወፍራም ጋቢ መርጦ ለብቻው አስቀመጠ። «የካምፕ ብርድ ክፉ ነው ይላሉ» አለን።

የቀረው የሐኪም ምርመራና ሩጫ ነበር። ከዚያ በፊት የሚሞላ ፎርም አለ። እጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር እኔ ሞላሁለት። ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ሥራ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጫት፣ ሐሺሽ ወይም ሌላ የሚያደነዝዝ ነገር ተጠቅመው ያውቃሉ ወይ ይላል። ብዕሬን አንስቼ አየሁት።

«ምን ታይኛለሽ? ጻፊ እንጂ።»

«ምን ብዬ?»

«ሰው ሁሉ የሚጽፈውን ነዋ!»

«አልተጠቀምኩም» ብዬ ጻፍኩ፣ ያውም ባማረ ጽሕፈት። በሰፈሩ አፏ የማይከደን የምባለው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ፎርሙ ከገባ በኋላ ወሬ መጣ። አምና ተመርምሮ የወደቀ አንድ ልጅ ነው ያመጣው። ደም ይቀዳሉ አለ፤ ሐሺሽ ያጨሰ ሰው ደም ማሽን ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይለወጣል፣ ዓመት ቢሞላውም አይለቅም። የተገኘበት ሰው ስሙ በየመሥሪያ ቤቱ ይላካል፣ ለዘበኝነት እንኳ የሚቀጥረው አያገኝም። ወንድሜ ይህን የሰማ ቀን ጫቱንም ጢሱንም ተወ። ጓደኛው ግን «እሱ ልጅ ስለወደቀ ነው የሚያወራው» ብሎ ሳቀና ሥራውን ቀጠለ።

ወንድሜ ግን ከሳ። እህል አይወርድለትም፤ ክንዱን ገልብጦ ደም ሥሩን ያያል። አንድ ወር ሙሉ ክንዱን ሲያይ አየሁትና አላስችል ሲለኝ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እነዚያ እስላሞች ናቸው ያስለመዱት!»

«አይደለም እማዬ። መጀመሪያ ጫት ገዝቶ የሄደው የአንቺ ልጅ ነው። እነሱ ቤት እንኳን ጫት፣ ሲጋራም አይገባም።»

ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ለሳምንት ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ግን አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «ሆድ ውስጥ የገባ ነገር በሆድ ይወጣል» አለች። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ስትመለስ እጇ ላይ አንድ ነዶ የደረቀ ኮሶ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ባዮሎጂ የተማርኩ ነኝ። ኮሶ ትል እንጂ ጢስ እንደማያወጣ፣ ሆድና ደም አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። የደም ሥሩን ደብተሬ ላይ በቀይና በሰማያዊ ብዕር ሥዬዋለሁ። ግን እናቴ ሙቀጫውን ወደ እኔ ስትገፋው ሳልከራከር ዘነዘናውን አነሳሁ። ወቀጥኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ምንም ከማድረግ ማድረግ ይሻላል ብዬ ይሆናል። ቁጭ ማለት አልችልም፤ እንደዚህ ነው የተፈጠርኩት።

ለአባቴ የኮሶ ትል ታየበት ብለን ነገርነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ በሁለት ወሩ የሚጠጣው ነገር ስለሆነ አልጠረጠረም። «ደግ አደረጋችሁ፣ መኮንን ትል ይዞ አይሄድም» አለ።

ምርመራው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ኮሶውን በጠላ በጥብጣ፣ ለወንድሜ በባዶ ሆዱ ሰጠችው። ወዲያው አስመለሰው። እናቴ «አልሠራም» አለች። ረቡዕ መጠኑን ጨምራ ደገመችው። እሱም አፍንጫውን ይዞ ከጨለጠው በኋላ «ትንሽ ጨምሪልኝ እማዬ» አላት። በሕይወቴ ኮሶ ጨምሩልኝ ያለ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም። ቀኑን ሙሉ ከጓሮ አልተመለሰም። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ኮሶ ጠጥቷል» ትላለች። ይህ ከተባለ ማንም አይገባም፤ ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አያይም። በአገሩ ወግ ሰው ሳይቀየም የሚመለስበት ቃል ይሄ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጓደኛው ሊወስደው መጣ። ወንድሜ ግድግዳ ይዞ ወጣ።

«ምነው ወንድሜ፣ ከመቃብር ነው የመጣኸው?»

«ኮሶ ጠጥቼ ነው።»

«ዛሬን? አብደሃል?» ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ናቸው ወይስ አንቺ ነሽ የገደላችሁት?»

«ዝም በልና ደግፈው» አልኩት።

የቀረውን ከሁለቱም አፍ ቆራርጬ ነው የሰማሁት። ካምፑ ውስጥ በቁምጣ፣ በባዶ እግር አሰለፏቸው። ደም የቀዳ ሰው የለም። ማሽን የሚባል ነገርም የለም። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ መኮንን ነበሩ፤ ጥርስ አዩ፣ ደረት አዳመጡ፣ መዳፍ አገላበጡ። ከዚያ ወንድሜን ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች አንብብ አሉት። ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጨልማል፤ ይህን እናቴም እኔም አናውቅም ነበር። ትልልቆቹን አነበበ፣ ትንንሾቹ ጉም ለበሱበት። ሐኪሙ «ደክሞህ ይሆናል፣ ከሩጫው በኋላ እንሞክራለን» አሉት። ደግ ሰው ነበሩ። ሜዳውን አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ወደቀ።

ሐኪሙ ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጡትና አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። «ምን ሆነህ ነው ልጄ? እውነቱን ንገረኝ።»

ወንድሜ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ታወቀብኝ ብሎ አሰበ። ፊደሉም፣ ውድቀቱም፣ የሐኪሙ ቁጢጥ ማለትም ደሙ የተናገረ መሰለው። ማንም ሳይጠይቀው «ሐሺሽ አጭሼ ነበር። ከተውኩ ወር ሆኖኛል፤ ኮሶም ጠጥቼበታለሁ» አለ።

ሐኪሙ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ኮሶውን ብቻ ብትነግረኝ ኖሮ ለሰኞ እቀጥርህ ነበር» አሉት። ግን ሰምተዋል፤ አጠገባቸው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ስም የሚመዘግብ አንድ ሻምበልም ሰምቷል። ሻምበሉ ፎርሙን መዝዞ አወጣ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

የእኔ ጽሕፈት ነው። የሴት ጽሕፈት መሆኑ ያስታውቃል።

«ከማን ጋር ነው የምታጨሰው?»

ጓደኛው አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ተሰልፎ ቆሟል። ሰንበት ዕለት እንኳ አጭሷል።

«ብቻዬን።»

ሻምበሉ ፎርሙን በቀይ ብዕር ሠረዘበት። ያጨሰ ሰው ሊተው ይችላል፣ ፎርም ላይ የዋሸ ሰው ግን መኮንን አይሆንም አለው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ስለ ውሸቱ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአባቴ «ዓይኔ ጣለኝ» አለው። አባቴ አመነ፤ መነጽር እንግዛ አለ፣ አማላጅ እንላክ አለ። ሦስት ቀን ከተናገረ በኋላ ደከመውና ተወው። ሸማ ተራ ውስጥ ሲቀልዱበት የነበሩት ሰዎች መቀለድ አቆሙ። ከቀልዱ ይልቅ ዝምታቸው ነው ያስረጀው።

ጓደኛው አለፈ። አባቴ ያን ወፍራም ጋቢ ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ልጁን በመንገድ ሲያልፍ ጠርቶ በሁለት እጁ ሰጠው። «ለልጄ ያሰብኩት ነው። አንተም ልጄ ነህ፤ ካምፕ ብርድ ነው ይላሉ» አለው። ሱቁ ውስጥ እኔም ነበርኩ። ልጁ እምቢ እንዳይል አባቴን ማስከፋት ነው፤ እሺ እንዳይል ዓይኔ አለ። ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፤ ቀና ሲል አላየኝም።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ከምሳ በኋላ ሊሰናበት መጣ። ያው የመጋዘኑ ሰዓት ነው። ጋቢውን አጣጥፎ ታቅፎታል። ወንድሜ ጓዳ ተኝቶ ድምፁን ሰማ። ገብቼ «መጥቷል፣ ተነስ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ኮሶ ጠጥቷል በይው።»

«ምን?»

«ኮሶ ጠጥቷል በይው አልኩሽ። እንደዚያ ከተባለ ሰው አይቀየምም።»

ወጣሁ። በሩ ላይ እናቴ በቆመችበት ቦታ ቆምኩ። ልናገረው ያዘጋጀሁት ሌላ ነገር ነበር፤ አንተ ዳንክ፣ እሱ አፉን ስለዘጋልህ ነው ልለው ነበር። ዓይኑን ሳይ እንደሚያውቀው ገባኝ።

«ኮሶ ጠጥቷል» አልኩት።

ጋቢውን ወደ እኔ ዘረጋው፣ እንደገና መለሰው። ትቶት ቢሄድ አባቴ ለምን እንደሚል እሱም እኔም እናውቃለን።

«ይሻረው በይልኝ» አለና ጋቢውን ታቅፎ ወደ ላይ ወጣ።

ስመለስ ወንድሜ አሁንም ወደ ግድግዳው ዞሯል። «ሄደ?» አለኝ። ሄደ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ ጫማውን አደረገ፣ የት ነው ሳልለው ወጣ። የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ከአትክልት ተራ ጀርባ ያለው የመጋዘኑ በር ክፍት ነው። እስከ ዛሬም በዚያው ሰዓት ይወጣል። ይሄው አሁንም ወጥቷል፤ ቤቱ ጸጥ ስላለ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።