አውቶቡስ ላይ የሚያልቅ ፊልም

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ፒያሳ ሲኒማ መግባት ይወድ ነበር። እኔ የካ ቤታችን ቀርቼ፣ ሲመለስ ያየውን እንዲተርክልኝ እጠብቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ የተረከልኝ ፊልም ከእንግሊዝኛ ልቦለድ የተሠራ ነበር። ልቦለዱን መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኝ አንብቤዋለሁ። ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ ሞተ የተባለ ወታደር ወደ ሚስቱ ይመለሳል። በመጽሐፉ ሚስትዮዋ በመስኮት አይታው በሩን ሳትከፍትለት ትቀራለች። ባለቤቴ ግን ከፈተችለት፣ ተላቀሱ፣ ልጅም ወለዱ አለኝ።

ፊልሙን አላየውም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ፊልሙን ካላየ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚውለው የት ነው? ማነችስ የምታውለው? ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዙን ሳላሸት ውኃ ውስጥ አልነከርኩም።

በሳምንቱ እሱ ለማኅበር እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲወጣ፣ ሲኒማ የምታዘወትር ጎረቤቴን ይዤ ያንኑ ፊልም ለማየት ሄድኩ። ወታደሩ በሩን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ፣ ካዳራሹ እኩሌታው ሰው ብድግ አለ። ጎረቤቴ ክንዴን ጎተተችኝ።

"ተነሺ እንጂ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ አይጠብቅሽም።"

"ሳያልቅ?"

"አውቶቡስ ላይ ይጨርሱልሻል።"

እውነትም ጨረሱልኝ። ለካ የእኛ ሰፈር ሰው የፊልም መጨረሻ አይቶ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ተስማምቶ ይጨርሰዋል። ቀበና ድልድይ ስንደርስ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ የወታደሩን ሚስት በሩን አስከፈቷት። አንዱ፣ ሌላ ባል አግብታ ቢሆንስ ቢል፣ "አንተ ስለ ቤትህ አውራ" አሉት። ሾላ ስንደርስ ልጅ ወለዱ።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ግን ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፦ ይህን መጨረሻ ለማወቅ አውቶቡሱን መሳፈር ብቻ ይበቃል።

እራት ላይ፣ ያ ፊልም እንዴት ነበር የሚጀምረው አልኩት። የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። ባቡር ጣቢያውን፣ ዝናቡን፣ የተሰበረውን ጃንጥላ አንድ ባንድ ነገረኝ። ሁሉም ልክ ነበር።

"ሄደሽ አይተሻል ማለት ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ያለእኔ ሲኒማ ገብቶ አያውቅም። ሁለት ቲኬት ይቆርጣል። መብራት ሲጠፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "መጀመሪያውን በደንብ እዪ፤ ኋላ ትጠየቂያለሽ" ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። እሱ ይሳቅ አይሳቅ በጨለማው አይታየኝም ነበር። ብቻውን መሄድ ይወድ ነበር፤ ያንን የወሰድኩበት እኔ ነኝ።