ገብረ ኪዳን የተባለው ቁልፍ

ካሜራው አንገቱን ያዞረው ወርቅአየሁ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ነው። ከጡጫ የማይበልጥ ነጭ ዕቃ ነው፤ ከግቢው በር ትይዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚገባና የሚወጣውን ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። አሁን ግን ነፍስ እንዳለው ፍጥረት ቀስ ብሎ ዓይኑን ከበሩ ላይ አነሣ፤ በአጥሩ ላይ አለፈ፤ መጥቶ እሷ ላይ ቆመ።

ወርቅአየሁ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ስልኳን አንሥታ ወደ አጎቷ ሱቅ ደወለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሚያዞሩት?»

«ምኑን?»

«ካሜራውን።»

«ኧረ እኔ ከአንድ ሾፌር ጋር በፍሬን ሸራ ስጨቃጨቅ ነው የዋልኩት። ስልኬ አሁን አንቺ ስትደውዪ ነው ከኪሴ የወጣው። ምነው?»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ካሜራው ቀደማት። ካሜራው የድምፅ ማስተላለፊያ ቀዳዳ ነበረው፤ ከዚያች ቀዳዳ አንድ ቃል ወጣ፤ ቁጣ የሌለበት፣ እንዲያውም የሚያባብል።

«ከስተሻል።»

ሰፌዱ ወደቀ፤ ምስሩ በሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ድምፁ የባሏ የኪሩ ነበር።

ወርቅአየሁ ከዲላ ተነሥታ ድንበሩን ተሻግራ ኬንያ ሞያሌ፣ የእናቷ ወንድም ቤት የገባችው የግራ እጇ አንጓ በፋሻ እንደ ታሰረ ነበር። ኪሩ በዲላ ስሙ የተከበረ ነጋዴ ነው፤ በሰው ፊት ለስላሳ፣ ለድሃ መጽዋች። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ለእሱ የተባለ ነው። የት እንደ ሄደች ከእናቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ እናቷም ምላ ደብቃለች። በዚህ ግቢ ውስጥ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳይታወቅባት።

አጎቷ አቶ ፈቃደ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ መጣ። ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በከባድ መኪና መለዋወጫ ንግድ የሚተዳደር ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአገሩ ተሰድዶ ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የተባለ የስደተኞች መጠለያ ገብቷል፤ መጠለያው ሲዘጋም ወደ ሞያሌ መጥቶ በላቡ ቤት ሠርቷል። እምነቱ ቀላል ነበር፤ ዘመድ ዘመድ ነው፣ ባዕድ ባዕድ ነው። ለባዕድ በር ይዘጋል፣ ለዘመድ ይከፈታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ክፉ አለመሆን ብቻውን ቤት አይጠብቅም።

ደርሶ የመጀመሪያ ሥራው የካሜራውን ገመድ መንቀል ሆነ። ቀጥሎም መስመሩን ያስገባለትን ጋልጋሎን ጠራ። ጋልጋሎ በመናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት እየዘረጋ የሚኖር የቦረና ሰው ነው። አማርኛን የተማረው በገበያ ስለሆነ አንቱታ አይሆንለትም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ይላል፤ የሚቀየመውም የለም።

«ሳሳ፣ ጋሽ ፈቃደ፣» አለ በስዋሂሊ ሰላምታ፣ ኮምፒዩተሩን ጭኑ ላይ ከፍቶ፤ «የዋይፋዩ ፓስዎርድ ያው ያኔ ያስገባኸው ነው?»

«ያው ነው።»

«የካሜራውስ?»

«እሱም ያው።»

«የራውተሩስ፣ ዋይፋዩን የሚረጨው ሳጥን ውስጡ የሚከፈትበት?»

«እሱም፣» አለ አቶ ፈቃደ ድምፁን ቀንሶ።

«ሦስት በር፣ አንድ ቁልፍ! ጅቡን እራት ጋብዘኸው ነው እንዴ?» ጋልጋሎ ሳቀ፤ የወርቅአየሁን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። «ቃሉ ምንድነው?»

«እሱን መናገር አለብኝ?»

«ሌባው አውቆታል፤ እኔ ባውቀው ምን አለ?»

አቶ ፈቃደ ወለል ወለሉን እያየ «የክርስትና ስሜ ነው፤ ገብረ ኪዳን» አለ።

«ማን ያውቀዋል?»

«ፈጣሪና የንስሐ አባቴ። እዚህ አገር ባዕድ የሚያውቀው የለም።»

«እናቴ ታውቀዋለች፣» አለች ወርቅአየሁ ከበሩ መቃን ተደግፋ። «በየኪዳነ ምሕረቱ ቄሱን ‹ወንድሜን ገብረ ኪዳንን በጸሎት ያስቡልኝ› ትላለች። ጆሮዋ ስለደከመ ጮክ ብላ ነው የምትለው። ኪሩ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቧ ነው የሚቆመው፤ ዣንጥላዋን ይዞላት።»

አቶ ፈቃደ ያን ቃል የመረጠው ቦረናው፣ ገብራው፣ ሶማሌው ጎረቤቱ እንዳያገኘው ብሎ ነው። እነዚህ ጎረቤቶቹ ግን ሚስቱ የሞተች ጊዜ መቃብር የቆፈሩለት ሰዎች ናቸው። አጥሩን ሲያጥር ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ነበር፤ በስተ ጀርባው፣ በዘመድ በኩል፣ ጨርሶ አጥር አልነበረውም። ለዘመድ እንግዳማ ቃሉን ራሱ እየጻፈ ይሰጥ ነበር። ለጸሎት የተሰጠውንም ስሙን አውርዶ የበር መዝጊያ ሲያደርገው፣ ስሙ በቤተ ክርስቲያን በአደባባይ እንደሚጠራ አላሰበም። ሰው ለራሱ የተቀደሰውን ነገር ሁሉ ምስጢር አድርጎ መቁጠሩ የቆየ ስሕተት ነው።

«ይሄውና፣» አለ ጋልጋሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዋይፋዩ ላይ ከሁለታችሁ ስልክ ሌላ አንድ ስልክ አለ። አሁን ራሱ ገብቷል።»

«ከዲላ?» አለ አቶ ፈቃደ።

«ሀፓና፣ አይደለም። ዋይፋይ እግር የለውም። ከግድግዳህ ብዙ አይርቅም። ሰውዬው ቅርብ ነው።»

ሦስቱም ዓይናቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ከአንድ ባለ ፎቅ የእንግዶች ማረፊያ ቤት ጋር የጋራ ነው። መስኮቶቹ መጋረጃ አላቸው። ወርቅአየሁ ከበሩ መቃን ተላቅቃ ወደ ውስጥ ገባች።

«ዝጋው!» አለ አቶ ፈቃደ።

«ብዘጋው ነገ በዚያው ቃል ይገባል። ቃሉን ነው የምንለውጠው። ሦስቱንም፤ ለየብቻ። አዲስ ቃል ስጠኝ።»

«የሚስቴን ስም እናድርገው።»

«ስም የለም። የልደት ዓመት የለም። ስልክ ቁጥር የለም። ታቦትም የለም።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«አንተን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስብ የማያገኘው። ረጅም። አራት ቃል፣ እርስ በእርሱ የማይተዋወቅ።»

አቶ ፈቃደ ቢያስብ ቢያስብ የሚመጣለት ሁሉ ወይ የሞተ ሰው ስም ነው ወይ ያገሩ ስም። የሕይወቱ ሀብት ሁሉ ዘመዶቹ የሚያውቁት ሆኖ አገኘው። በመጨረሻ ወርቅአየሁ ከውስጥ ወጥታ ኮምፒዩተሩን ተቀበለች። አንዱን ቃል ከአማርኛ፣ አንዱን ውኃ ሻጮቹ ከሚናገሩት ቦረንኛ፣ አንዱን በገበያ ከሰማችው ስዋሂሊ፣ አራተኛውን ከየትም አምጥታ ገጠመች፤ በመካከላቸውም ከማንም ልደት ጋር የማይዛመድ ቁጥር ሰካች። ቃላቱ ምን ምን እንደ ነበሩ ለአንባቢም አይነገርም። ለራውተሩና ለካሜራውም ሌላ ሌላ አበጀች። እሷ ስትጽፍ ጋልጋሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እኔም አላውቅ፣» አለ። ትንሽ ቆይቶም ኮምፒዩተሩን ተመልክቶ «ወጣ» አለ። እንግዳው ስልክ ተቆርጦ ነበር።

ወርቅአየሁ አጎቷን አየችው። «ጋሼ፣ ለማንም አይሰጡም?»

«ለማንም።»

«ለዘመድም?»

አቶ ፈቃደ ለመመለስ ዘገየ፤ መዘግየቱም አያስመሰግነውም። «ለዘመድም፣» አለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አቶ ገለታ መጣ። አቶ ገለታ በዋልዳ ከአቶ ፈቃደ ጋር በአንድ ድንኳን ያደረ፣ በወባ ሲንቀጠቀጥ የራሱን ብርድ ልብስ ያለበሰው ሰው ነው። አሁን የሚኖረው በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ሲገባ አመጣጡ የሽማግሌ እንደሆነ ሳይናገር ታወቀ። ወርቅአየሁ በጓዳ ነበረች፤ መጋረጃው አልተነቃነቀም።

«ወንድሜ፣ ላንተ የሚደበቅ የለኝም፣» አለ አቶ ገለታ ከተቀመጠ በኋላ። «ኪሩ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ እኛ ገብተን ባናደፈርሰው ይሻላል።»

«እጇን ሰብሯት ነው የመጣችው፣ ገለታ።»

«ሰማሁ። ጥፋት ነው። ካሣ ይክሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። አሁን እንኳ በምስል ደውዬ ይቅርታ ልበላት ብሏል። ጥራት እስቲ፤ ድምፁን ትስማው፣ ፊቱንም ትየው።» ስልኩን ከጋቢው ሥር አወጣ። «ይሄ የኔ መስመር እዚህ አይሠራም። ዋይፋይህን ስጠኝ። ድሮ የሰጠኸኝን ብሞክረው እምቢ አለኝ።»

እንግዳ ውኃ ሲጠይቅና ይህን ሲጠይቅ በአቶ ፈቃደ ቤት ልዩነት ኖሮት አያውቅም። ስልኩ ወደ እሱ ተዘርግቷል፤ ስልኩን የያዘው ያ በወባው ጊዜ ብርድ ልብስ ያለበሰው እጅ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ሴት ትንፋሿን ይዛ እንደምትሰማ ያውቃል። ስልኩ ከተከፈተ ኪሩ እንደገና በቤቱ ውስጥ ነው።

«ለውጬዋለሁ፣» አለ።

«ለውጠሃላ፤ እሱንማ አየሁት። አዲሱን ጻፍልኝ።»

«አልሰጥም።»

አቶ ገለታ ሳቅ አለ። «ቀልዱን ተወውና ጻፍ።»

«ቀልድ አይደለም። ላንተም ለማንም አልሰጥም። እሷንም አልጠራትም።»

«ለኔ? ፈቃደ፣ ለኔ?»

«ላንተ።»

«ዋልዳ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ውኃ ለሁለት ስንጠጣ ‹አልሰጥህም› ብዬህ ነበር?»

«አላልከኝም።»

«ኬንያ ሰው አደረገችሃ! በሽቦ በሚመጣ አየር ላይ ቆልፈህ ዘመድ የምትከለክል ሰው!»

አቶ ፈቃደ የተዘረጋውን ስልክ በቀስታ ወደ አቶ ገለታ መልሶ ገፋው። ይህን ጀግንነት የሚለው ቢኖር ተሳስቷል፤ ከብዙ ዓመት በፊት መሆን የነበረበት ነገር በዚያ ቀን ሆነ፤ ያውም ወርቅአየሁ ከታየች በኋላ።

አቶ ገለታ የቀረበለትን ሳይቀምስ ተነሣ። ከዘራውን ሲያነሣ «ነገ ቀን ሲጥልህ የሚያነሣህ ይሄ ሳጥንህ እንደሆነ እናያለን» ብሎ ወጣ። ሳይሰነባበቱ ተለያይተው አያውቁም፤ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አቶ ፈቃደ ተከትሎት እስከ ግቢው በር ሄደ፤ ምናልባት ሊጠራው፣ ምናልባት ይቅርታ ሊለው። በሩን ገርበብ አድርጎ ሲመለከት፣ አቶ ገለታ ወደ ድንበሩ የሚወስደውን መንገድ አልያዘም። በግድግዳው ጥግ ታጠፈ፤ ማረፊያ ቤቱ በር ላይ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አይቶ ገባ።

አቶ ፈቃደ በሩን በመቀርቀሪያ ዘግቶ ወደ ሳሎን ሲመለስ ወርቅአየሁ ከመጋረጃው ወጥታ ነበር። ያየውን ሊደብቃት ዳዳው፤ ተወው።

«ኪሩ እዚሁ ነው። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ። ገለታም ያውቃል።»

«ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ፣ ጋሼ።»

«ፖሊስ?» ከዋልዳ ዘመን ጀምሮ የደንብ ልብስ ሲያይ መንገድ የሚሻገር ሰው ነው። «ልጄ፣ ጉዳዩ የቤት ነው። ገመናችን አደባባይ ይወጣል እኮ።»

«ገመናዬንማ እሱ ሲያየው ሰነበተ፣ ጋሼ። አሁን ሌላም ሰው ይየው።»

አቶ ፈቃደ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ መታወቂያውን ከሣጥን አወጣ፤ ኮቱን ለበሰ። እሷም ፋሻው ከተፈታ ወዲህ ገና ያልጠናውን እጇን በደረቷ ይዛ ጫማዋን አጠለቀች። ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በማረፊያ ቤቱ ፊት ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መንገድ አለ፣ ዙሪያ ነው። አቶ ፈቃደ በዙሪያው እንሂድ አላት።

«በዚሁ፣» አለች።

በመስኮቶቹ ሥር ሲያልፉ አጎቷ እርምጃውን አፈጠነ። እሷ አላፈጠነችም፤ ነጠላዋንም ፊቷ ላይ አልሳበችም።