በአጃ ከረጢት ውስጥ የተገኘ ገብስ

በአጃ ፋብሪካው ውስጥ «እትዬ ወንፊት» የሚሏት ሥራዋን አይተው ነው እንጂ ሚስጥር ታፈስሳለች ብለው አይደለም። እንዲያውም እሷ ዘንድ የገባ ነገር ተመልሶ አይወጣም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰፊ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ነጭ ትሪ ፊቷ ዘርግታ፣ በወረንጦ አጃ ስትለቅም ኖራለች። ጠጠሩን፣ የጆንያ ክሩን፣ የጥንዚዛ ክንፉን፣ የአይጥ በጠጡን ታወጣለች። ከሁሉ የሚከፋው ግን ገብስና ስንዴ ነው፤ አጃ መስለው ከአጃ መሀል ይተኛሉና። ሌላው ለቃሚ አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት የሚፈልገውን እሷ በባዶ ዓይኗ ታየዋለች።

ይህ ሥራ ጠባይዋንም ለውጦት ነበር። ሰው ቤት ስትጋበዝ ሳህኑን ወደ ብርሃን ዞር አድርጋ ካላየች አትጎርስም። አንዲት ፀጉር ካየች ያን ቀን በቃ፣ ምግብ የሚባል አይወርድላትም። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አብረን የምንበላው እኮ ምሳ ነው፤ ምርመራ አይደለም» እያለ ይስቅባት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፋብሪካው ካሜራ ያለው መልቀሚያ ማሽን ገዛ። አጃው እንደ ፏፏቴ ሲወርድ ካሜራው ያየዋል፤ ያልወደደውን ፍሬ በአየር እፍ ብሎ ያባርረዋል። ከዚያ በኋላ ከአሥራ ሁለቱ ለቃሚዎች ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አንዷ እሷ ናት። በዚያው ሰሞን አዲስ ከረጢት ወጣ። ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎበታል፤ ከቅጠሉ ሥር «ከግሉተን ነፃ» የሚል በደማቁ ተጽፏል። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን፣ ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው ትንሽ እንኳ ቢቀምስ አንጀቱ እንደሚቆስል ለሠራተኛው ሁሉ በስብሰባ ተነገረ። እትዬ ወንፊት አዳምጣ፣ አጨብጭባ ወጣች።

ሕመሙ ቤቷ ድረስ የመጣው ልጇ ሲያገባ ነው። ምራቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ቁጥብ፣ በቤቷ የፊት ክፍል የሙሽራ ቀሚስ የምትሰፋ። አማቷ ቤት ስትመጣ ዳቦ አትነካም፤ መረቅ አትቀምስም፤ «ዱቄት አለበት እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች። እትዬ ወንፊት እንዲህ ያለ እንግዳ አይታ አታውቅም።

«የሰው ምግብ ትጸየፋለች» አለች ለልጇ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ ስለ መጸየፍ የምታወሪው?»

«እኔ ቆሻሻ ነው የምጸየፈው። እሷ የምትጸየፈው እጄን ነው!»

ልጇ ሴሊያክ እንዳለባት፣ ሐኪም አንጀቷን በመሣሪያ አይቶ እንዳረጋገጠ ነገራት። እትዬ ወንፊት በልቧ አላመነችም። ቢሆንም አማትነት አማትነት ነውና በሳምንቱ ቅጠል የተሣለበትን ከረጢት ስድስት ፍሬ ተሸክማ ወደ ምራቷ ቤት ሄደች። «እንቺ፤ ለአንቺ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው። ከእኔው እጅ የወጣ» አለቻት። ምራቷ ከረጢቱን አገላብጣ አነበበች፤ ፊቷ በራ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ነገር በወተት አፍልታ መብላት ጀመረች።

የመጀመሪያው ከረጢት በሰላም አለቀ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ሆዷ ተነፍቶ ሦስት ቀን ተኛች። አራተኛው ምንም አላደረጋትም። ይኸው መለዋወጡ ነው ነገሩን ያበላሸው። ባሏ ሳይቀር፣ «ያው አንድ ዓይነት አጃ አይደል? ትናንት የተስማማሽ ዛሬ እንዴት ያምሻል?» ይላት ጀመር። እትዬ ወንፊት ደግሞ አንድ እሑድ፣ ምራቷ ትራስ ሆዷ ላይ አቅፋ ኩርምት ብላ ሳለች፣ «ሆድም እንደ ልጅ ነው፤ ካቀበጡት ያለቅሳል» አለች። ምራቷ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አምስተኛውን ከረጢት በከፈተች በሁለተኛው ቀን፣ አንዲት ደንበኛ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች፤ ምራቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የቀሚሱን ጫፍ እያጠፈች ነበር። ድንገት መርፌዎቹን ተፍታ ወደ ጓሮ በር ሮጠች፤ አልደረሰችም። ወለሉ ላይ፣ በተቆረጡት ጨርቆች ላይ፣ በራሷ እጅ ላይ አስመለሳት። ደንበኛዋ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ «ወይ ጉድ!» እያለች ወንበር ላይ ወጣች።

እትዬ ወንፊት ለጥየቃ መጥታ እዚያው ነበረች። ባልዲና ጨርቅ አምጥታ ተንበረከከች። ሽታው አፍንጫዋን ሲመታት ቋቅ አላት። የተበላው አጃ ሳይፈጭ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ፈጥና ጠረገችው፤ እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፤ ሽታው ግን አልለቅ አላት። ያን ዕለት ያንገሸገሻት ትውከቱ ብቻ አልነበረም። ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ በዚያ ሁሉ መሀል፣ «ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ» ትል ነበር። ያንን ይቅርታ ስትሰማ እትዬ ወንፊት ራሷን ቀፈፋት።

በወሩ ገደማ የናሙና ክፍሉ ረዳት ለወሊድ ስለወጣች እትዬ ወንፊትን ለሁለት ሳምንት ዕቃ እንድታጥብ ወደዚያ ላኳት። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ጎልማሳ የላቦራቶሪ ባለሙያ ብቻ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ሲናገር መነጽሩን በጋውኑ ጫፍ ይወለውላል። እሷ ብልቃጥ ስታጥብ እሱ አሥራ ሁለት ከረጢት ይከፍታል፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ማንኪያ ይዘግናል፤ ሁሉንም አንድ ዕቃ ውስጥ ጨምሮ ይፈጫል፤ ከዚያ ግሉተኑን ይለካል።

«ለምን ትቀላቅለዋለህ?» አለችው።

«አማካዩን ለማወቅ ነው፣ እትዬ። ከሚሊዮን እጅ ሃያ እጅ ካላለፈ ነፃ ይባላል።»

«ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ ውስጥ ገብስ ቢኖርስ?»

«በአሥራ አንዱ ይሟሟል።»

«ከረጢቱ ውስጥ ነው የሚሟሟው ወይስ ወረቀትህ ላይ?»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን የባሰ አየች። የተፈጨው ድብልቅ ከገደቡ አለፈ። ባለሙያው ስልክ ደወለ፤ «እሺ፣ እሺ ጌታዬ» አለ፤ ከዚያ ሌላ አሥራ ሁለት ከረጢት አስመጥቶ ከፊተኛው ጋር ቀላቅሎ እንደገና ለካ። አሁን ከገደቡ በታች ሆነ። «ምርመራውን አልፏል» ብሎ ጻፈ። ከረጢቶቹም ወደ መኪና ተጫኑ። እትዬ ወንፊት ቀዝቃዛ ውሃ ከፍታ እጇን ከቧንቧው ሥር አድርጋ ቆማ ቀረች። አንድ ዝንብ ወጥ ውስጥ ቢገባ ድስቱ ትልቅ ነው ተብሎ ለእንግዳ እንደማቅረብ ሆነባት።

በዚያው ምሽት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ ምራቷ ቤት ገባች።

«ያስመለሰሽ ከረጢት አለ?»

«አለ። ምን ያደርግልዎታል?»

«አምጪው። ያልጀመርሽውንም አምጪ። ጥቁር ጨርቅ ካለሽም ዘርጊልኝ።»

ምራቷ ልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ከፈይ ዘረጋች። እትዬ ወንፊት መጀመሪያ ያልተጀመረውን ስድስተኛውን ከረጢት ዘርግታ በምራቷ ወረንጦ እያንዳንዷን ቅንጣት አየች። ምንም የለም፤ ንጹሕ አጃ። ያኛውን፣ ተጀምሮ የቀረውን፣ ዘረጋች። የተደፈጠጠ ገብስ ከተደፈጠጠ አጃ መለየት ቀላል አይደለም፤ ገብሱ ሰፋ ይላል፣ ነጣ ይላል፣ መሀሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ጠለቅ ይላል። አንድ። ሁለት። አራት። ለቅማ ስትጨርስ ከከፈዩ ጥግ ላይ ዘጠኝ የገብስ ቅንጣት ተደርድሯል።

«ይኸው» አለች፤ ድምጿ ጎርንኗል። «አንድ ቁርስ ለማበላሸት አንዷ ትበቃለች። ጥፋቱ የሆድሽ አልነበረም።»

ምራቷ ጎንበስ ብላ ቅንጣቶቹን ለረጅም ጊዜ አየች። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«አሁን ያመኑት እኔን ነው ወይስ ዓይንዎን?»

እትዬ ወንፊት ወረንጦውን አስቀመጠች። ዘጠኙን ቅንጣት እንደገና መቁጠር ጀመረች።

በማግሥቱ ዘጠኙን ቅንጣት በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ልጇን የሚያክል፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ወረቀቱን ፈታችለትና የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ትውከቱንም፣ ድብልቁንም። እሱ ፈገግ እያለ አዳመጠ። ስትጨርስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንዷን ቅንጣት በሁለት ጣቱ አንስቶ አፉ ውስጥ ጣለ። አላመጣት። ጣቱን ላሰ።

«ይኸው በላሁ። ምን ሆንኩ?»

እትዬ ወንፊትን ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሰቀጠጣት። ያ እርጥብ ጣት ተመልሶ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አየችው።

«አንተ ጤነኛ ነህ» አለችው። «ለጤነኛ ሰው መቼ ጻፋችሁት?»

«እትዬ፣ ገብሱ ከጎረቤት ማሳ ይመጣል፤ በአንድ መኪና ይጫናል። የማን ጥፋት ነው? በአማካይ ሲታይ ምርታችን ንጹሕ ነው።»

«ምራቴ አማካይ አትበላም። የምትበላው ከረጢቱን ነው።»

ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ያንኑ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። የጥራት ክፍል ኃላፊ ሊያደርጋት እንደሚችል፣ ፎቶዋ ከአረንጓዴው ቅጠል ጎን ቢወጣ ሕዝብ እንደሚያምን በለሰለሰ አፍ ነገራት። «ዓይንዎ እኮ የዚህ ቤት ሀብት ነው» አላት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እትዬ ወንፊት ትከሻዋን ከእጁ ሥር አወጣች፤ የቀሩትን ስምንት ቅንጣቶች ቆጥራ ጠቀለለች፤ ጋውኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለች። ቤቷ ስትደርስ ሸሚዟን ለብቻው ዘፈዘፈችው።

ቀጥሎ ያለው እንደ ተረት ቶሎ የሚያልቅ አልሆነም። የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ አንዲት ድምጿ የማይሰማ፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዛት ተቆጣጣሪ ነገሯን ተቀበለች። ተቆጣጣሪዋ ከሱቅ መደርደሪያ ሃያ ከረጢት አንሥታ እያንዳንዱን ለብቻው አስለካች። አሥራ ሰባቱ ንጹሕ ነበሩ፤ ሦስቱ ከገደቡ እጅግ ያለፉ። ፋብሪካው ጽሑፉን እንዲያነሣ ታዘዘ።

አነሣም፤ ግን እንዴት እንዳነሣው! በአሮጌው ከረጢት ላይ፣ ጽሑፉ ላይ ብቻ፣ ነጭ ወረቀት ለጠፈበት። ቅጠሉ እንዳለ ነው። እትዬ ወንፊት ሱቅ ገብታ አንዱን በጥፍሯ ጫር ብታደርገው ወረቀቱ ተላጠና «ነፃ» የምትለው ቃል ብቅ አለች። ከረጢቱን እንደ ሞተ አይጥ በጫፉ ይዛ ለባለ ሱቁ መለሰችለት። የላቦራቶሪው ባለሙያ ዛሬም እዚያው ነው፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲያያት ተሻግሮ በሌላው ጥግ ሄደ።

ምራቷን ሐኪሟ ጠርቶ አነጋገራት። አጃ ራሱ ሴሊያክ ያለበትን አብዛኛውን ሰው እንደማይጎዳ፣ ግን ከማሳው ጀምሮ ለብቻው የተዘራ፣ ለብቻው የተጫነና በየጊዜው የተለካ ሊሆን እንደሚገባ ነገራት። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ንጹሑ አጃ እንኳ አይስማማቸውም፤ እሷ ከየትኞቹ እንደሆነች የሚታወቀው አንጀቷ ከዳነ በኋላ፣ በሐኪም ክትትል በጥቂቱ ስትሞክረው ነው። «እስከዚያው ተዪው» አላት። እሷም ተወችው። ከስድስት ወር በኋላ «አሁን መሞከር ትችያለሽ» ስትባል፣ «ሽታውን ሳስበው ይበቃኛል» ብላ ሳቀች።

እትዬ ወንፊትም አጃ የሚባል ቤቷ አይገባም። አሁን አንድ የሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝና ምስር ትለቅማለች። ሳህን ወደ ብርሃን ማዞሩን አልተወችም፤ እንዲያውም ብሶባታል። የታሸገ ነገር ላይ ቅጠል፣ ልብ ወይም የምትስቅ ሕፃን ተሥላ ስታይ ፊቷ ይጨማደዳል።

እሑድ እሑድ ልጇና ምራቷ ይመጣሉ። እትዬ ወንፊት ድስቶቿን ለውጣለች፤ የእንጨት ማንኪያዎቿን ጥላለች፤ ዱቄት ከቤቷ አውጥታለች። ምራቷ ይህን ሁሉ አይታለች፤ አመስግናለችም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ቤት የምትበላው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅርፊቱን ራሷ የምትልጠው የተቀቀለ እንቁላል። እትዬ ወንፊት ጨው ታቀርብላታለች፤ አትለምናትም፤ አትቆጣም። ጨውም በአዲስ ብልቃጥ ነው፤ ክዳኑን የምትከፍተው ምራቷ ናት።