«አላየሁም» ያልኳቸው ሥዕሎች

የማስታወስ ችሎታን በመመርመር የምናውቃቸው ዶክተር ገመቹ፣ አሰላ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ከገበያ ስመለስ ነው። አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን አልገባኝም፤ በእኚህ ሰው ስንት ዓመት ተቀይሜ ኖሬአለሁና።

ደግነታቸውን የምትናገሩ ብዙ ናችሁ፤ እኔም አልክድም። ለምርመራ የመጣን ሰው አስቀድመው «ቁርስ በልተዋል?» ይሉታል። ካልበላ ዳቦና ሻይ ያስመጣሉ። «የራበው ሰው የረሳ ይመስላል» ይሉ ነበር። ቀጥለውም «ሲቆጡ በኦሮምኛ ነው በአማርኛ?» ብለው ሰውየው በሚቆጣበት ቋንቋ ይመረምሩታል።

የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። ከሳጉሬ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገልብጦ ጭንቅላቴን ከተመታሁ ወዲህ የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኝ ጀመር። ከማስተማር ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመዛወር የእርሳቸው የምርመራ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር። ጎረቤቴ ዘይነባ «ለሐኪም ደህና ነኝ አይባልም፣ አንቺ! ግማሹን ከነገርሽው ግማሽሽን ነው የሚያክመው» አለችኝ። ሰማኋት፤ እንዲያውም ከራሴ ጨመርኩበት።

ዶክተሩ ሥዕሎች አሳዩኝ። ከዚያ ሁለት ሁለት እያቀረቡ «ቅድም ያዩት የትኛውን ነው?» አሉኝ። ያየሁትን ትቼ ያላየሁትን ጠቆምኩ። ሁሌ ግን አይደለም፤ አንዳንዱ በእውነት ጠፍቶብኝ ነበር። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «እትዬ የሺ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የጠቆመ ሰው እንኳ ግማሹን ያገኛል። እርስዎ ከዚያም አነሱ» አሉኝ። ወረቀቱ ላይም «በሙሉ አቅማቸው አልሞከሩም» ብለው ጻፉ።

ወረቀቱ ትምህርት ቤት ሲደርስ ዝውውሩ ቀረ። መምህራን ማረፊያ ስገባ «እትዬ የሺ፣ ዛሬስ ስማችንን አወቁት?» እየተባለ ይሳቅብኝ ነበር። የሳቃችሁ ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። ስማችሁን ረስቼ ይሆናል፤ ሳቃችሁን ግን አልረሳሁም።

ከወር በኋላ ዶክተሩ በእግራቸው ቤቴ ድረስ መጡ። ደጅ ቆመው «ያጋነነ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ የታመመም ሰው ያጋንናል። ተመልሰው ይምጡና የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩኝ» አሉ።

«ውሸታም ናት ብለው ጽፈው ሲያበቁ?» ብዬ በሩን ዘጋሁት። ዘይነባ እንኳ «ሰው ከደጅ ይመለሳል?» ብላ ተቆጣችኝ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ስም እየጠፋብኝ አስተማርኩ። ጥፋቱ የእርሳቸው ነው እል ነበር። አሁን አላውቅም።

ዶክተር፣ ያን ቀን በትክክል ያልመለስኩልዎን ዛሬ ልመልስ። ከሥዕሎቹ መካከል ቁልፉን አይቼው ነበር። ጃንጥላውንም በቅሎዋንም አይቻለሁ፤ ዋሽቼዎታለሁ። ከበቅሎዋ ቀጥሎ የነበረውን ግን ያኔም አላወቅሁትም፣ ዛሬም አላውቀውም። በሰላም ይረፉ፤ ይህን አንዱን ግን ይመኑኝ።