ለተሰረዙ ትእዛዞች የመጡ ሽማግሌዎች

ሰው ሚስቱን ቢያስቀይም ሽማግሌ ይልካል፤ ያለ ነው። ኮምፒውተር ላይ ላጠፋው ጥፋት ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ከብሩክ በቀር አላየሁም።

ብሩክ የኮልፌ አብሮ አደጌ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በአንድ አካውንት ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ እንነግዳለን። እኔ ሳምንት ሙሉ ዋጋ ሳጠና ቆይቼ የግዢና የሽያጭ ትእዛዞቼን አስገብቻለሁ። እሱ የራሱን ለይቶ መሰረዝ ሲችል፣ ገና ያልተፈጸመውን ትእዛዝ ሁሉ በአንዴ የሚሰርዝ ኮድ ጽፎ ወደ መገበያያው ላከ። ኮድ ደግሞ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። የእኔንም ጠራርጎ አጠፋው። ተኮራረፍን።

እሑድ ጠዋት ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡ። አባቴ አክብሮ አስቀመጣቸው። እኔ እየተንጨረጨርኩ የኮዱን ነገር ከሥሩ አስረዳሁ። ትልቁ ሽማግሌ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ ካልከው አንዱም አልገባኝም። ግን ጥፋቱ የሱ ነው። ለሽበታችን ስትል ይቅር በለው" አሉኝ። አባቴ አፈጠጠብኝ። ምን ላድርግ፣ ጥርሴን ነክሼ "ይቅር ብዬዋለሁ" አልኩ።

ሦስቱም ከመቀመጫቸው ተነሱ። የሚሄዱ መስሎኝ በሩን ልከፍት ስል፣ ትልቁ ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞሩ።

"እንግዲህ ወንድሟ ቂም ከሌለው፣ ልጅዎን ማህሌትን ለልጃችን ለብሩክ እንዲሰጡን ነው የመጣነው።"

እህቴ ከንጋት ጀምሮ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሳሎኑን ስትወለውል የነበረው ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም።