ጋሽ ጴጥሮስን የጠበቅኩበት ጨዋታ

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ትናንት ቢሮ ውስጥ አለቃችን እስኪመጡ ስብሰባው ሳይጀመር ስንጠብቅ፣ የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ያ ጠዋት ትዝ አለኝ።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። ለዞኑ የቼዝ ቡድን ለመመረጥ ከቀሩኝ ሁለት ጨዋታዎች አንዱን ማሸነፍ ነበረብኝ፤ ከተመረቅኩ በኋላ ሌላ ዕድል የማገኝ አልመሰለኝም። እናቴ ያቀረበችልኝን ጎደሬ በዳጣ ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። ሲዘንብ አድሮ ስለነበር ከዱቦ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ጨቅይቷል። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ በጣቴ መክፈቻዬን ደጋገምኩ፤ መጀመሪያ የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት፣ ቀጥሎ ፈረሱ።

ውድድሩ ቦታ ስደርስ ነጩ የደረሰው እኔን ነበር፤ ቀድሞ የሚጫወተው ነጭ ነው። ተጋጣሚዬ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተማሩኝ፣ ገና አልመጡም። ዳኛው ሰዓቱን አስነሳ። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ እስክጫወት የሚሮጠው የኔ ሰዓት ነው፤ ወታደሬን ገፍቼ ሰዓቱን ብጫን የሚያልቀው የእሳቸው ጊዜ ነው። ግን እኛ ቤት አባቴ ተቀምጦ ሳይጸልይ ማዕድ የሚነካ የለም። መምህሬ ሳይቀመጡ እጄን መዘርጋት እንደዚያው ሆነብኝ። እጄን ጠረጴዛው ስር አስቀመጥኩ፤ ሰዓቴም ይቆጥራል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ ዳኛው።

«ጋሼ ይምጡ ብዬ ነው።»

ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

ጋሽ ጴጥሮስ ጫማቸው ጭቃ እንደለበሰ ሲገቡ ብድግ አልኩ። ሰዓቱን አዩት።

«የማን ነው የሚሮጠው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«ስም ልጠራ የመጣሁ መሰለሽ? እዚህ ተማሪዬ አይደለሽም፤ ነጭ ነሽ። በይ ተጫወቺ።»

መክፈቻው እንደተለማመድኩት ሄደልኝ። ንጉሣቸው ጥግ ይዞ መፈናፈኛ አጣ። ንግሥቴን አንስቼ ልጨርስ ስል ሰዓቴ አለቀ፤ በሕጉ ተሸነፍኩ። እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ደስታ አላየሁባቸውም።

«ነገም ነጭ ነሽ፤ ከጋሽ ኤልያስ ጋር» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። «እሱ ደግሞ ጸሎቱን ሳይጨርስ ከቤት አይወጣም። ከጠበቅሽው ምሳ ይደርሳል።»

እኛ ቤት ዛሬም አባቴን ሳንጠብቅ አንበላም፤ ትናንትም አለቃዬን ጠብቄያለሁ። አላፍርበትም። ብቻ አሁን ስጠብቅ የሚያልቀው የማን ሰዓት እንደሆነ አያለሁ።

በዚያ ጨዋታ ማግስት ጠዋት ዳኛው ሰዓቱን ሲያስነሳ ፊት ለፊቴ ያለው የጋሽ ኤልያስ ወንበር ባዶ ነበር። «ይቅርታ ጋሼ» አልኩት ወንበሩን፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ከዚያ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁና ሰዓቱን ተጫንኩ።