ከሮቢት በኩል የመጣው ሙሽራ

ባለፈው ጥር የልጅ ልጃችንን ሰርግ ልንበላ ከቆቦ ተነስተን ደሴ ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ሁለት የተማሩ ሰዎች «አንዲት ትንሽ አገር ለሽብር ጥቃት ምን ያህል ዝግጁ ናት?» እያሉ ይከራከራሉ። አንደኛው መሣሪያ ይቅደም ይላል፤ ሌላኛው የለም፣ ሕዝቡን ማዘጋጀት ነው የሚበልጠው ይላል። ደህና ሲሟሟቁ ሹፌሩ ሰለቸውና ወደ ዘፈን ቀየረው። እኔ ግን ጥያቄው ከጆሮዬ አልወጣም። መልሱን አውቀው ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ጠፋ እንጂ።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ፍተሻ አለ። አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳዬን ከፍታ ያመጣሁትን የማሽላ ቆሎ አየችና ፈገግ ብላ «ይግቡ እማማ» አለችኝ። ገባሁ። ባለቤቴ ካሳዬ በወንዶቹ ሰልፍ ነው። ዘወር ብዬ ሳይ፣ ጠባቂው ጢጥ ጢጥ የሚለውን ዕቃ ደረቱ ላይ እያመላለሰ «አባባ፣ እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» ይለዋል። ካሳዬም ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለና መሳቅ ጀመረ። ይኼ ሰው እጁን ሲሰቅል ሳቅ ይይዘዋል። ድሮም እንዲሁ ነው። ሙሽራ ሆኜ ተሸፋፍኜ በተቀመጥኩበት ቀን፣ ልክ እንዲህ እጁን ሰቅሎ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ዘመኑ ስልሳ ስድስት ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ክፉ ቀን ብዙ አላወራም፤ ያየው አይቶታል፣ ያላየውም አይየው። በራያ ቆላ ዝናቡ ቀርቶ ከብቱም ሰዉም አልቆ፣ በመጨረሻ ሰማይ ታረቀንና በዚያ ክረምት ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ሜዳችንን አጠጣው። ማሽላው አፈራ። እሸቱ እሳት ላይ ሲጠበስ ሽታው ከተማውን ሁሉ ያዳርስ ነበር፤ ሰዉ እየበላ ያለቅስ ነበር፣ ምን ላድርገው፣ እኔም አልቅሻለሁ። ጥር ሲገባ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ቆሟል። እንዲያም ሆኖ የብዙው ሰው ጎተራ ስላልሞላ፣ ስንዴ የጫኑ መኪናዎች በአውራ ጎዳናው እየመጡ መንገድ ዳር ካለችው የቆርቆሮ መጋዘን ያራግፉ ነበር።

ታዲያ ሽፍቶች ይችን መጋዘን ሊዘርፉ ከደቡብ፣ ከሮቢት በኩል ይመጣሉ የሚል ወሬ ተነሳ። ወሬውን ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ከተማው ግን ገበያው ዳር ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰበና አባቴን የጥበቃ አለቃ አደረገው። አባቴ ጋሽ ይመር በወጣትነቱ ነጭ ለባሽ የሚባል የአገር ጥበቃ ዘማች ነበር፤ የአባቱን ውጅግራ ጠብመንጃ አልሸጥም ብሎ ያንን ሁሉ ረሃብ ያለፈ ግትር ሰው ነው። ሹመቱን የተቀበለ ዕለት ወገቡ ቀና አለ። እናቴ «ስንዴ ያላወፈረውን አለቅነት አወፈረው» ትለው ነበር።

እንግዲህ ቆቦ እንዴት እንደተዘጋጀች ልንገራችሁ። ከሮቢት በኩል ተኩስ ከተሰማ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል። ወንዱ መሣሪያና ዱላውን ይዞ በዚያው በኩል ወዳለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ይወርዳል። ሴቱ ድንጋይ ያቀብላል፣ ሽፍታው ከቀረበ ደግሞ ዓይኑ ላይ በርበሬ ይበትናል። በርበሬማ ሞልቶን ነበር፤ ወጥ የማይሠራበት ቤት በርበሬ ምን ይሠራለታል? አንዳንዶች እንዲበረክት ከአመድ ይቀላቀል ሲሉ እናቴ «ክፉ ቀን ሲያልፍ ምን ልንበላ ነው?» ብላ ተከራክራ በርበሬው ሳይነካ በየከረጢቱ ተቀመጠ። አባቴ ደግሞ አንድ ደንብ አወጣ። መሣሪያ ይዞ በቡድን የመጣ ሰው፣ ከከተማው ነዋሪ አንዱ «አውቀዋለሁ» ብሎ እስኪመሰክርለት ድረስ ከወንዙ አሸዋ አይወጣም። «ሽፍታ እኮ ሽፍታ መስሎ አይመጣም» ይል ነበር። «ነጋዴ መስሎ ይመጣል፣ ካህን መስሎ ይመጣል፣ ነጭ ለብሶ ሙሽራ መስሎም ይመጣል።»

ልምምድም አደረግን። አባቴ ራሱ ሽፍታ ሆኖ ከወንዙ ማዶ እየተኮፈሰ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ልምምድ መሆኑን ረሳችው ወይስ ቂም ነበራት፣ እውነተኛውን በርበሬ ከረጢቷን ከፍታ ፊቱ ላይ በተነችው። አለቃችን አሸዋው ላይ እየተንከባለለ እስኪመሽ አስነጠሰ። ዓይኑ ቲማቲም መስሎ «በቃ፣ ዝግጁ ነን» አለ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ካሳዬ የዋጃ ልጅ ነው። ከመኪና ስንዴ ሊያራግፍ ቆቦ ይመጣ ነበር፤ ለሥራውም ስንዴ ይሰጡታል። አራጋፊዎቹ በስንዴ ብናኝ ተሸፍነው አንድ ስለሚመስሉ ማንም ፊታቸውን ለይቶ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ድርሻዬን ልወስድ ሄጄ ከረጢቱን ሊያሸክመኝ ጎንበስ አለና «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«ምን ሊሠራልህ?»

«ሽማግሌ የሚላክበትን በር ልወቀው ብዬ።»

አጥንቱ ወጥቶ፣ ጆሮው ብቻ ቀርቶ፣ በዚያ ዘመን ስለ ሽማግሌ የሚያወራ ሰው። ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ከረጢቴን ተሸክሜ ሄድኩ። ግን በጣም ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት፣ እየተከተለ በሩን እንዲያየው። ከዚያ በኋላ ስንዴ ልቀበል በሄድኩ ቁጥር አንድ ሁለት ቃል እናወራ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ያኔ ሴት ልጅ ባሏን ከሰርጉ በፊት አውቀዋለሁ ብትል የቤቱ ሰው አንገቱን ይደፋል።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አባቴም ቤተሰቡን ስለሚያውቅ እሺ አለ። ልጁን ግን ያየው ክርስትና ሲነሳ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ እጮኛ ለአማቶቹ ፊቱን አያሳይም፣ ከሩቅ ሲያያቸው ይሸሻል። ድግሱ ከዘመዱ ሁሉ እየተለቃቀመ ተደገሰ። አንድ ፍየል፣ የማሽላ ጠላ፣ ከእርዳታው ስንዴ ድፎ ዳቦ። የቀረን የዘር እህል ብቻ ነበር። አባቴ እናቴን «ይኼ ድግስ ለዛሬ ነው። ዛሬ ካልተበላ ነገ ሌላ የምንደግስበት የለንም፤ ልጅቷም እንዲሁ ትቀራለች» ሲላት በግድግዳው ሰማሁ። እንዴት እንደደነገጥኩ አልነግራችሁም።

የሰርጉ ቀን ሙሽራው በዋጃ መንገድ፣ በሰሜን በኩል፣ ረፋድ ላይ ይደርሳል ተብሎ ሰዉ ወደዚያው ዓይኑን ተክሏል። ረፋዱ አለፈ። ፀሐይ አናት ላይ ቆመች። እኔ ጓዳ ጥግ ተሸፋፍኜ፣ የጠላው ሽታ እየመጣብኝ፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሰዎች ማንሾካሾክ ጀመሩ። ልክ ያኔ ተኩስ ጧ ጧ አለ፣ ከሮቢት በኩል። ደወሉ ተደወለ። ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነሳና ወጣ። አባቴም የሙሽራ አባት መሆኑን ትቶ አለቃ ሆነ።

የሆነውን ያወቅኩት አክስቴ የሺ እያለከለከች ስትመለስ ነው። «ተያዙ፣ እሰይ» አለች። «አሸዋው ላይ ከበብናቸው። መሣሪያቸውን አስቀምጠዋል። ሙሽራ ነን ይላሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። አባትሽ ልክ እንዳለው ነጭ ነው የለበሱት።»

«ሙሽሮችስ ቢሆኑ?» አለች እናቴ።

«የእኛ ሙሽራ የሚመጣው በዋጃ መንገድ ነው። ሽማግሌያችን በቅሎዋ ደክማባቸው ኋላ ቀርተዋል ይላሉ፣ ይችን ይችንማ እኛም እናውቃታለን። አሁን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊወስዷቸው ነው፤ እዚያ ይጣራል።»

ጣቢያ ከገቡ በዚያ ቀን እንደማይወጡ ማንም ያውቃል። ከተሸፈንኩበት ሆኜ «አክስቴ፣ መሪያቸው ምን ይመስላል?» አልኳት።

«ምን ይመስላል ትለኛለች እንዴ! ረጅም ነው። ጆሮው ትልልቅ ነው። ደግሞ እኮ እጁን ወደ ላይ አሰቅለነው ይስቃል፣ ዓይን አውጣ።»

ተነሳሁ። ሙሽራ በእግሯ መሬት አትረግጥም፣ ደጅ አትወጣም፣ ሁሉን አውቀዋለሁ። እናቴ ቀሚሴን ያዘች፣ ጨርቁ ሸርተት አለባት። በዚያ ሁሉ ጥልፍና ሽፍንፍን፣ ባዶ እግሬን፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጥኩ። አገዳው እየቧጨረኝ፣ አሸዋው እየለበለበኝ። ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ሴቶቹ በርበሬያቸውን ጨብጠዋል። መሃል ላይ ካሳዬ እጁን ሰቅሎ ይስቃል፤ ሚዜዎቹ ግን ሊያለቅሱ ደርሰዋል።

አባቴ ሲያየኝ ጠብመንጃው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «አንቺ እናኑ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እሱ» አልኩ፣ ትንፋሼ እየተቆረጠ። «ያ ረጅሙ። የኔ ነው።»

አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። «ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ከየት?»

«ስንዴ ስቀበል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካሳዬ እጁን እንደሰቀለ «ዘገየሽ እኮ» አለኝ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ኪኪ አለች፣ ከዚያ ሌላዋ። አባቴ ግን አልሳቀም። እትዬ ዘይነባ በርበሬዋን እንደያዘች መሃል ገባችና «ጋሽ ይመር፣ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ። ከከተማው ሰው አንዱ አውቀዋለሁ ካለ ይለቀቃል ብለሃል። ልጅህ የቆቦ ሰው አይደለችም እንዴ?» አለችው። አባቴ የጠብመንጃውን አፈሙዝ ወደ አሸዋው አዘነበለ።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ግን ከዋጃ ተነስታችሁ በሮቢት በኩል ምን አመጣችሁ?»

ካሳዬ እጁን አወረደ፣ ሳቁንም ተወ። «አባቴ፣ መንገድ ዳር ያለው ቤት ሁሉ ሐዘን ነው። በሐዘንተኛ ደጅ እየዘፈንን፣ እየተኮስን እንዴት እንለፍ? አንዱን ቤት ዞር ስንል ሌላው ይመጣል። አፋችንን ይዘን ማሳ ለማሳ ዞርን፣ ከተማውንም ዞርነው። እዚህ ስንደርስ ቤቱ አለቀ፣ ባዶ ሜዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን፣ ዘፈንን፣ ተኮስን» አለ።

ይኼን ሲል የሳቀ የለም። እዚያ ከቆመው ሰው ሐዘን ያልነካው ማን ነበር? አባቴ ራሱ ታናሽ ወንድሙን ቀብሯል። ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ ካሳዬ ሄደና አቀፈው። ያኔ እትዬ ዘይነባ እልል አለች። ድምፅዋ በመጀመሪያ ተቆራረጠ፣ እልልታ ከተባለ ስንት ጊዜ ሆኖታል። ሁለተኛው ላይ ተስተካከለ፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አብስረሻል» ብላ እግሬ እንዳይቃጠል ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ።

ለጦርነት የወጣው ከተማ አጃቢ ሆኖ ተመለሰ። ፍየሏ ለዚያ ሁሉ ሰው አትዳረስም፣ እናቴ እጇን በአፏ ጫነች። ግን እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ያለችውን ስንዴ ንፍሮ አድርጎ ይዞ መጣ። ለሽፍታ ራስ የተከመረው ድንጋይ ጉልቻ ሆነ። ለሽፍታ ዓይን የተዘጋጀው በርበሬ ወጥ ውስጥ ገባ፤ ሽንብራ ያለው ሽንብራውን አምጥቶ ሽሮ ተሠራ። እንዲህ የሚያቃጥል ሽሮ ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም። ሰዉ እያስነጠሰ ጨፈረ። ሽማግሌያቸው በደከመች በቅሏቸው ሲደርሱ ጭፈራው ደርቷል፤ ለልጃቸው ማን እንደመሰከረለት ሲነገራቸው ሳቁ አላስችል ብሏቸው ከበቅሏቸው የወረዱት በሰው ድጋፍ ነው።

አባቴ ሲሸኘኝ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለና «ለካ ስንዴው ከብዶሽ አልነበረም፣ እንደዚያ ቀስ እያልሽ ትመጪ የነበረው» አለኝ። ሽፍቶቹ እንደሆኑ ሳይመጡ ቀሩ። እትዬ ዘይነባ «በርበሬዬን ሰምተው ነው» እያለች ኖረች።

ሬዲዮው የጠየቀው እንግዲህ ይኼ ነው። ቆቦ ዝግጁ ነበረች፣ ማንም አይነቅፋትም። ለእሳት፣ ለተኩስ፣ ለተንኮለኛ ሁሉ ተሰናድተን ነበር። ደስታ ግን በዚያ መንገድ ይመጣብናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሱ ነው ሳንዘጋጅ የደረሰብን። አባቴ ያችን «አውቀዋለሁ» የምትል ደንብ ባያወጣ ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ አልድርም ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ጢጥ ጢጥ ያለው የካሳዬ የሱሪ ማንጠልጠያ ብረት ኖሯል። የብረቱ ነገር ሲጣራ ደግሞ የጥሪ ካርዱን ሚኒባሱ ውስጥ ረስቶት ተገኘ። ጠባቂው ትሁት ልጅ ነው፣ ግን ታዟል። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ውስጥ የሚያውቅዎት ሰው አለ?» ይላል። ሽማግሌው ካሳዬ እጁን እንደሰቀለ በሰው መሃል ይፈልገኛል። ሙዚቃው ደመቅ ብሏል፣ ሰው ይገፋፋል። ጉልበቴ እንደ ያኔው አይደለም፤ ሰዉን እየሰነጠቅሁ ተመልሼ በሩ ላይ ደረስኩ።

«ልጄ፣ ልቀቀው» አልኩት። «የኔ ነው።»

ካሳዬ እጁን አወረደና ዱላውን አነሳ። «ዛሬም ዘገየሽ» አለኝ።